በወይን ኮረብታዎች መካከል በጠጠር መንገድ ብስክሌት መንዳት፦ ከመንገድ መረጣ እስከ ቁልቁለት

በብዙ የወይን አገር ለወይን ከለጥ ያለ ሜዳ ይልቅ ኮረብታ ይመረጥለታል። ሥሩ ላይ ውሃ እንዳይተኛ፣ ዘለላውም ፀሐይ እንዲጠግብ ተዳፋት ላይ ይተከላል፤ አፈሩ ስስና ድንጋያማ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። በዚህ የተነሳ የወይን አገር የገጠር መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ትልቅ ተራራ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ አያስወጣም፤ ረፍትም ግን አይሰጥም። ከሸንተረሩ አናት ወደ ጅረቱ ይወርዳል፣ ትንሿን ድልድይ ይሻገራል፣ ወዲያው ሌላውን ሸንተረር መውጣት ይጀምራል። አቀበቱ ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በመካከሉ ግን 12፣ 15፣ አንዳንዴም 18 በመቶ የሚደርስ ጉብታ ተደብቆ ይጠብቃል። እግር የሚበላው አንዱ አቀበት ሳይሆን በቀን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ መደጋገሙ ነው።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ፦ የተዳፋቱን ልክና የአፈሩን ዓይነት። ተዳፋቱ ማርሽዎንና ፍሬንዎን ይወስናል፤ አፈሩ ደግሞ ጎማዎንና የሚነዱበትን ቀን።

1. መንገድ ሲመርጡ አፈሩን ያንብቡ

የወይን ጠጅ አዋቂዎች የሚያሞግሱት አፈር ጎማዎ ስር የሚገባው ያው አፈር ነው። በጣሊያን ቶስካና፣ በኪያንቲ ኮረብታዎች ያሉት "ነጭ መንገዶች" በኖራ ድንጋይ የተደለደሉ ናቸው፤ ሲደርቁ ሥራቸው ጠንካራ፣ ላያቸው ግን ልቅ ጠጠርና ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው። ከሲዬና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ክሬቴ ሴኔዚ መሬቱ ሸክላ ይሆናል። ባሮሎ የተባለው ወይን ጠጅ በሚመረትበት በፒየሞንት ላንጌ ሸክላና ኖራ የተቀላቀለበት አፈር ይበዛል። በጀርመን ሞዘልና በፖርቱጋል ዶውሮ ደግሞ በስስ ገጽ የሚሰነጠቅ ስለታም ድንጋይ አለ። (የኪያንቲ ነጭ መንገዶች እስካሁን አስፋልት ሳይለብሱ ለመቆየታቸው ብስክሌተኞች ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 በኪያንቲዋ ጋዮሌ ከተማ የተጀመረው "ሌሮይካ" የተሰኘው የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ እነዚህን መንገዶች ከአስፋልት ማዳንን ዓላማው ያደረገ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የፕሮፌሽናሎች ውድድር ይካሄድባቸዋል።)

ኖራማ ጠጠር ዝናብ ካባራ በኋላ ቶሎ ያንጠፈጥፋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነዳል። ስለታሙ ድንጋይ ዝናብ አያስቸግረውም፤ የጎማን ጎን ግን እንደ ምላጭ ይቀዳል። ሸክላ ከረጠበ መንገድነቱ ይቀራል። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ በሹካውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል፣ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሳይሄዱ ጎማው መዞሩን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉን በጉልበት መግፋት የኋላ ማርሽ ቀያሪውን (ዲሬይለሩን) ገንጥሎ ጎማው ውስጥ ይከተዋል። ከዝናብ በኋላ የሸክላ መንገድን ቢያንስ አንድ ሙሉ ፀሐያማ ቀን ይተዉት፤ ዛፍ የሚያጠላበት ከሆነ ሁለት ቀን። መንገድ ላይ ከተያዙ ወርደው ብስክሌቱን ይሸከሙ፤ ከገፉት ያው ይጠቀጠቃል።

በካርታ ላይ መንገዱን እንዲህ ያጥኑት። ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ላይ የተመሠረቱ ካርታዎች የእርሻ መንገዶችን ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይከፍላሉ፤ 1 ጠንካራና የተነጠፈ፣ 5 ደግሞ ለስላሳ አፈርና ሣር ነው። ለጠጠር ብስክሌት ምቹው 2 እና 3 ነው። 4ን በደረቅ ወቅት ብቻ ያስገቡ። 5 ተብሎ የተጻፈውን ደግሞ አጭር ቁራጭ ካልሆነ ይለፉት። ካርታውን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ መረጃው አንዳንዴ አሮጌ ነው፤ አጠራጣሪውን ቁራጭ በሳተላይት ምስል ይመልከቱት። ሁለት ጥርት ያሉ የጎማ መስመሮች ከታዩ ተሽከርካሪ ይመላለስበታል። መስመሩ በወይን ረድፎች መካከል ገብቶ ከጠፋ ግን የሰው ማሳ ነው።

የአቀበቱን አማካይ ቁጥር አይመኑ። "2 ኪሎ ሜትር፣ 7 በመቶ" የተባለ አቀበት አንድ ኪሎ ሜትር ለጥ ብሎ ቀሪው 14 በመቶ ሊሆን ይችላል። የከፍታ ሥዕሉን በ100 እና በ200 ሜትር ቁራጭ እየከፋፈሉ ይዩት። ለሰዓት ስሌት ደግሞ ይህን ይጠቀሙ፦ ርቀቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያካፍሉ፣ በየ100 ሜትሩ የከፍታ ጭማሪ 6 ደቂቃ ያክሉ። 60 ኪሎ ሜትር ከ1,200 ሜትር ድምር አቀበት ጋር ሦስት ሰዓት ሲደመር 72 ደቂቃ፣ ማለትም ከአራት ሰዓት በላይ የመንዳት ጊዜ ይሆናል። ማረፊያውን ለብቻው ይጨምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው 40 ኪሎ ሜትርና 700 ሜትር አቀበት ይበቃዋል።

ዙሪያውን በየት በኩል እንደሚጀምሩም ያስቡበት። ልቅ ጠጠር ያለበትን ጠምዛዛ ቁራጭ እንዲወጡት፣ አስፋልቱን እንዲወርዱበት አድርገው ያቅዱ። አቀበት ላይ ጎማ ከከዳዎት ወርደው ይገፋሉ፤ ቁልቁለት ላይ ከከዳዎት ይወድቃሉ።

2. ማርሹን ከተዳፋቱ ጋር ያስታርቁ

እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ለሜዳ የተሠራ ማርሽ ይዞ ይመጣና ጥፋቱን በእግሩ ያሳብባል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የትንሹን የፊት ጥርሳማ ቀለበት የጥርስ ብዛት ለትልቁ የኋላ ቀለበት የጥርስ ብዛት ያካፍሉ። ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ ለወይን ኮረብታ ከባድ ነው።

በቁጥር እንየው። 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ብስክሌት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፊት 40፣ ኋላ 42 ጥርስ ሲሆን ውጤቱ 0.95 ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል ሲያዞሩ ፍጥነቱ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነጂው ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ቢመዝን 15 በመቶ አቀበት ላይ ይህ 280 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይችለውም። ኋላ ያለውን ወደ 51 ጥርስ ቢቀይሩት ውጤቱ 0.78 ይሆናል፣ በዚያው የፔዳል ፍጥነት የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 230 ዋት ይወርዳል። የ50 ዋት ልዩነት አቀበቱን ተቀምጦ በመጨረስና ወርዶ በመግፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ፊት ሁለት ጥርሳማ ቀለበት ላለው ብስክሌት 46 እና 30፣ ኋላ 11–34 ጥሩ ጥምረት ነው፤ ዝቅተኛው 0.88 ይመጣል። ፊት አንድ ቀለበት ብቻ ያለው ደግሞ በጭቃና በአቧራ የሚበላሽ ነገር ስለሚቀንስ እኛ ለዚህ ዓይነቱ መሬት እሱን እንመርጣለን። ትልቅ ካሴት (የኋላ ጥርሳማ ቀለበቶች ስብስብ) ከመግዛትዎ በፊት ዲሬይለርዎ የሚችለውን ትልቁን ቀለበት ያረጋግጡ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ የላይኛው ትንሿ መዘውር ከጥርሱ ጋር ትፋጫለች። ካሴቱ ሲያድግ ካቴናውም መርዘም አለበት። አጭር ካቴና በትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጠር ማርሽ ቀያሪውን ይሰብረዋል።

3. ጎማና ንፋሱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ውድ ብስክሌት በተሳሳተ የጎማ ንፋስ ሲነዳ ከርካሽ ብስክሌት ይብሳል።

ስፋቱ ለኖራማ ደልዳላ መንገድ 38–40 ሚሊ ሜትር፣ ለተቀላቀለ መሬት 42–45፣ ድንጋይ ለሚበዛበት 45–50 ይሁን። ጎማው ከክፈፉና ከሹካው በየጎኑ ቢያንስ 4፣ የተሻለው 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ አለዚያ የተጣበቀች አንዲት ጠጠር ቀለሙን፣ ውሎ አድሮም ክፈፉን ትቦረቡራለች። ለደረቅ ጠጠር መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ጎማ ይስማማል። መሐሉ በአስፋልት ይሮጣል፣ የጎኑ ጥርስ ኩርባ ላይ ይይዛል። ስለታም ድንጋይ ባለበት ግን ጎኑ የተጠናከረውን ይግዙ፤ መቶ ግራም ክብደት ለመቆጠብ ብሎ የተቀደደ ጎማ ይዞ ሰው በሌለበት መቆም አያዋጣም።

የውስጥ ጎማ የሌለው ቱብሌስ ለዚህ መሬት እጅግ ይመከራል። ገጠማው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ቸርኬውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁት። ከቸርኬው የውስጥ ስፋት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቴፕ ወጥረው ይለጥፉ፣ መጋጠሚያውን በ10 ሴንቲ ሜትር ያደራርቡት። ቫልቩን አስገብተው በእጅ ያጥብቁት፤ በፒንሳ ከጠበቀ መንገድ ላይ መፍታት አይቻልም። ጎማውን ያስገቡ፣ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል አውጥተው በፍጥነት ንፋስ ይሙሉ። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጧ ይላል። ጎማውም ቸርኬውም ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን በፍጹም አይለፉ፤ ጠርዙ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ከሆነ ጣሪያው 5 ባር (በሌላው የንፋስ ግፊት መለኪያ 72.5 ፒ.ኤስ.አይ) ነው። ከዚያ ንፋሱን ለቀው ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ 60 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ለ50 ደግሞ 80 ያህል መድፈኛ ፈሳሽ ይጨምሩ፣ ቫልቩን መልሰው ይሙሉ፣ ጎማውን እያገላበጡ ያወዛውዙት፣ በየጎኑም ጥቂት ደቂቃ አጋድመው ያስቀምጡት። ፈሳሹ ስለሚደርቅ በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ ይፈትሹት፤ ሲያወዛውዙት ካልተንቦጫቦጨ አልቋል። ንፋሱ በቫልቩ ሥር ወይም በሽቦዎቹ ቀዳዳ በኩል እያፏጨ ከወጣ ጥፋቱ የጎማው ሳይሆን የቴፑ ነው፤ ፈሳሽ በመጨመር አይድንም፣ ቴፑን እንደገና ይለጥፉ።

አሁን ንፋሱ። 40 ሚሊ ሜትር ቱብሌስ ጎማ ይዘው እዚህ ቁጥር ላይ ይጀምሩ፦

60 ኪሎ ነጂ፦ ፊት 26፣ ኋላ 28 ፒ.ኤስ.አይ
75 ኪሎ ነጂ፦ ፊት 30፣ ኋላ 33
90 ኪሎ ነጂ፦ ፊት 35፣ ኋላ 38

ለ45 ሚሊ ሜትር ጎማ ከእያንዳንዱ 4 ገደማ ይቀንሱ። የውስጥ ጎማ (ከመነዳሪ) የሚጠቀሙ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ ድንጋይ ሲመታዎት የውስጥ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። የቤት ውስጥ ፖምፓ መለኪያ በዝቅተኛ ንፋስ ላይ ብዙ ይዋሻል፤ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ለብቻ መግዛት ከማንኛውም ሌላ ዕቃ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጠጠር ላይ ይንዱና ያዳምጡ። መሪው እጅዎን የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ ብስክሌቱም ከጠጠር ጠጠር የሚነጥር ከሆነ 2 ይቀንሱ። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ቋ የሚል ከሆነ ወይም ኩርባ ላይ የኋላው ሲወላገድ ከተሰማዎት 2 ይጨምሩ። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ይመስላል፤ ሰውነትን ስለሚያንዘፈዝፍ ነው። ሻካራ መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ንጥረት ወደፊት መሄድ የነበረበትን ጉልበት ወደ ላይ ያባክነዋል።

4. ፍሬን

የዲስክ ፍሬን ያስፈልጋል። ከመሄድዎ በፊት የፍሬን ሸራውን ያውጡና ውፍረቱን ይዩ፤ ከብረቱ ጀርባ በላይ የቀረው አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ ይቀይሩት። ገደቡ ላይ ገና ባይደርስም አሸዋና ውሃ የገባበት ቁልቁለት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ከመካከለኛ ፍጥነት እስከ እርምጃ ያህል እየቀነሱ 15–20 ጊዜ ያህል ያለማምዱት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያቁሙ። ሳይለማመድ የወረደ ሸራ ይጮኻል፣ አቅሙም ዝቅ ያለ ነው። በዲስኩ ላይ የካቴና ዘይት እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ ሸራው ዘይት ከጠጣ ብዙውን ጊዜ መጣል ነው።

5. የሚያዝ ዕቃ

ፖምፓ፣ የጎማ ማውለቂያ ሁለት፣ የቱብሌስ ቀዳዳ መሰኪያ ክር፣ አንድ የውስጥ ጎማ፣ ካቴና መፍቻ ያለው የቁልፍ ስብስብ፣ ከካቴናዎ ጋር የሚስማማ መጋጠሚያ፣ የተቀደደ የጎማ ጎን ከውስጥ የሚደገፍበት ጠንካራ ቁራጭ (አሮጌ ጎማ ቆርጦ መያዝ ይበቃል)፣ እንዲሁም ለብስክሌትዎ ሞዴል ብቻ የሚሆነው የዲሬይለር ማንጠልጠያ (ዲሬይለሩ ከክፈፉ ጋር የሚያያዝበት ትንሽ ብረት)። የመጨረሻው በየሱቁ አይገኝም፤ ሞዴሉ ካልሆነ አይገጥምም።

በወይን አገር ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። ወይን ቅጠሉን ባረገፈበት በቀዝቃዛው ወቅት ይገረዛል፤ የተቆረጡት ቅርንጫፎች መንገድ ዳር ይከመራሉ፣ አንዳንዴም መንገዱ ላይ ይበተናሉ። እርሳስ የሚያክል አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ በሽቦዎቹ መካከል ገብቶ ዲሬይለሩን ይዞ ይዞራል። ኮሽታ ሲሰሙ ወዲያው ፔዳል ማዞርዎን ያቁሙ፤ ምን እንደሆነ ሳይሆን መቆሙ ይቅደም። ለወይኑ ድጋፍ የሚወጠር ሽቦ ቁራጭም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ ጎማ ላይ ከተሰካ መሰኪያውን ሳያዘጋጁ አይንቀሉት።

6. አወጣጥና አወራረድ

ሲወጡ ማርሹን አቀበቱ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ በፊት ይቀንሱ። ሙሉ ጉልበት እየጫኑ መቀየር ካቴና ይበጥሳል። ተቀምጠው ይቆዩ፤ ከተነሱ ክብደቱ ከኋላው ጎማ ላይ ይሸሽና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ወደ ኮርቻው የፊት ጫፍ ይጠጉ፣ ክርንዎን አጥፈው ደረትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መሪውን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ራስዎ ይሳቡ። የፊቱ መነሳት ከጀመረ ደረትዎ ይበልጥ ይውረድ፤ የኋላው ከተንሸራተተ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሱ። ፔዳሉን ክብ አድርገው ያዙሩት እንጂ አይርገጡት።

ቁልቁለት ላይ እጅዎ የመሪው የታችኛው እጀታ ላይ ይሁን። እዚያ ላይ ሆነው በአንድ ጣት ፍሬን መያዝ ይችላሉ፣ ሲነጥሩም እጅዎ አያመልጥም። ፔዳሎቹ እኩል ከፍታ ላይ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ከኮርቻው ጥቂት ተነስተው። ዓይንዎ ከፊት ጎማዎ ሥር ሳይሆን መንገዱ እስከሚታይበት ሩቅ ይሂድ።

ጠጠር መንገድ ላይ ሁለት የጠራ መስመር አለ፤ የትራክተርና የመኪና ጎማ የጠረገው። በመካከላቸውና በኩርባው ውጫዊ ጎን ልቅ ጠጠር ይጠራቀማል። ስለዚህ ፍሬኑን መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ከኩርባው በፊት ይጨርሱ። ኩርባው ውስጥ ጎማው አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ፣ መዞር። ኩርባ ላይ ገብተው የፊቱን ፍሬን መያዝ በጠጠር ላይ የሚከሰት ውድቀት ዋና ምክንያት ነው፤ የኋላው ቢንሸራተት ይመለሳል፣ የፊቱ ግን አይመለስም። ብስክሌቱን ከሰውነትዎ ይበልጥ ያጋድሉት፣ ክብደትዎን የውጩ ፔዳል ላይ ያድርጉ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሻገር ካለብዎት ቀጥ ባለበት፣ በቀጥታ ማዕዘን፣ ፍሬን ሳይዙ ይሻገሩ።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አይጎትቱ። ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ፤ ዲስኩ በመካከል ይተነፍሳል። ካልሆነ ሸራው ላዩ ይንጸባረቅና መያዝ ያቆማል።

እንደ ማዕበል በተደረደረ ጉብታ የተጎዳ መንገድም ያጋጥማል፤ ተሽከርካሪዎች እየዘለሉ የቀረጹት ነው። እዚያ መሪውን ጨብጦ መታገል ድካም ነው። እጅ ይለቅ፣ ከኮርቻ ይነሱ፣ የመንገዱን ዳር ይሞክሩ፤ ብዙውን ጊዜ ዳሩ ይለሰልሳል።

7. ወቅት፣ ውሃና ምግብ

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ እና መስከረምና ጥቅምት የተሻሉ ናቸው። በወይን ለቀማ ወራት ግን ጠባቡ መንገድ ላይ ተጎታች የሚስቡ ትራክተሮች ይበዛሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ፍሬ ስለሆነ እርስዎ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ እነሱ ይለፉ። ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ባሉት ወራት ደግሞ ድኝና መዳብ ያለበት መድኃኒት በማለዳ ይረጫል። ጭጋግ የመሰለ ነገር ረድፎቹ መካከል ካዩ ንፋሱ ከእርስዎ ወደ እሱ በሚነፍስበት ጎን ቆመው ይጠብቁ።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ያስፈልጋል፤ በሙቀት ከዚያም በላይ። ሸንተረር ላይ ምንጭ አይገኝም፣ ስለዚህ ውሃ የሚሞላበትን መንደር ካርታ ላይ ቀድመው ምልክት ያድርጉ። ምግብ ከመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይውሰዱ፤ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት። ሲርብ መብላት ለዚህ መሬት ዘግይቷል፤ ቀጣዩ አቀበት ቀድሞ ይደርሳል።

8. ማሳውና ጠጁ

የወይን ጠጅ መቅመሱን ለጉዞው መጨረሻ ይተዉት። አልኮል ሚዛንንና ፈጥኖ የመወሰን ችሎታን ይቀንሳል፣ ውሃም ያስወጣል፤ ጠጠር ቁልቁለት እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። በጣሊያን ሰክሮ የማሽከርከር ሕግ ብስክሌተኛንም ይመለከታል። በጉዞ መሐል ለመቅመስ ከፈለጉ ተፍቶ መጣል በመጥመቂያ ቤት ነውር አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። 750 ሚሊ ሊትር የያዘ ጠርሙስ ከነወይኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጀርባዎ ላይ አያኑሩት፣ ሲወድቁ የሚሰበረው እዚያ ነው። ብዙ መጥመቂያዎች ወደሚያድሩበት ይልካሉ፤ ይጠይቁ።

በረድፎቹ መካከል አይንዱ፣ አያቋርጡ። የሰው ንብረት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ፊሎክሴራ ነው። የወይንን ሥር የሚያጠቃው ይህ ትንሽ ነፍሳት ከሰሜን አሜሪካ ወደ አውሮፓ ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን የወይን እርሻዎች አውድሟል፤ ዛሬም አብዛኛው ወይን ነፍሳቱን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተዳቅሎ ይተከላል። ነፍሳቱ በአፈር ተጣብቆ ይጓዛል። ደቡብ አውስትራሊያ እስካሁን ከእሱ ነጻ ሆና የቆየችው በጥብቅ ቁጥጥር ነው፤ እዚያ በእርሻዎች በር ላይ ጎብኚ እንዳይገባ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ያያሉ።

ስለዚህ ወደ ሌላ የወይን አካባቢ ከመሻገርዎ በፊት ብስክሌቱን ባሉበት ያጽዱ። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ የጎማውን ጥርሶች፣ የጫማዎን ሶልና የፔዳሉን ሥር ከአፈር ያራግፉ። ከዚያ በውሃና በሳሙና ይጠቡት፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት ግን ጎማው ወደሚዞርበት እምብርትና ወደ ፔዳሉ ዘንግ አያነጣጥሩ፣ ቅባቱን አስወጥቶ ውሃ ያስገባል። ሁሉም ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ካቴናውን በጨርቅ ጠርገው በየመገጣጠሚያው አንዲት ጠብታ ዘይት ይስጡት፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ ያ ሁሉ ነጭ አቧራ ተመልሶ እንዳይጣበቅበት።